ሙሽራው የመነነ ዕለት

ጎረቤቴ እህቴ የሆነችው በበረዶ አካፋ ነው። ፎረስት ፓርክ ሰፈር ቤት ገዝተን በገባንበት በመጀመሪያው የበረዶ ወራት፣ አንድ ጠዋት የራሴን ደጅ ጠርጌ ስጨርስ እጄ አላርፍ አለኝና ወደ ጎን ቤት ተሻገርኩ። ከጎናችን ያሉት ሕንዶች መሆናቸውን ከማወቅና ከሩቅ እጅ ከመነሳት በቀር ገና አልተዋወቅንም። ደረጃቸውን ጠረግሁ፤ በረንዳቸው ላይ የነበረውንም ነጭ ነገር በአካፋዬ ሙልጭ አድርጌ ፋቅሁት። ቀና ስል፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበች አጭር ሴት ዱቄት ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የፋቅሁት በረዶ አልነበረም። እሷ በየማለዳው በራፏ ላይ በሩዝ ዱቄት የምትስለው፣ የብራና መጽሐፍ ሐረግ የሚመስል ጥልፍልፍ ጌጥ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል። እሷ ግን የበሩን መቃን ይዛ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች። ሥዕሉ እንግዳን ግባ ማለት እንደሆነ፣ በሩዝ ዱቄት የሚሳለውም ጉንዳንና ወፍ እንኳ ከደጃፏ ሳይበሉ እንዳይሄዱ መሆኑን በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። «ጉንዳን በልቶ ከሄደ፣ ጠቅላላውን የጠረገው ሰውማ እንዴት ጾሙን ይሄዳል?» አለችና ጎትታ አስገባችኝ። የዚያን ዕለት ምሳ የሚያክል ቁርስ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም፤ በታሚል ቋንቋቸው «አና» ትለኛለች፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው።

ባለቤቴ ታሪኩን ስትሰማ ብዙ አላለችም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አለች። ከዚያም በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስትለኝ የኖረችውን ደገመችልኝ፤ «ሰውዬ፣ መጀመሪያ ጠይቅ!»

የእነሱ ቤት የእኛው ቤት ነበር፣ ትንሽ ፈጠን ያለ። ጫማ ደጅ ይወለቃል። ፈተና ያለባት ልጅ የአባትና የእናቷን እግር በእጇ ነክታ፣ ግንባሯን አስባርካ ትወጣለች። ዘጠና ስምንት ይዛ ስትመለስ አባቷ ወረቀቱን ገልብጦ «ሁለቱ የት ሄዱ?» ይላል። ይህን ስሰማ ከአባቴ ጋር በሆነ መንገድ ይዛመዳል ብዬ ጠረጠርኩ። በኩሽናው ማብሰያው እያፏጨ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ግን ማንም አንድ ወሬ አያመልጠውም። ሥጋ አይበሉም። እኛ ሁዳዴ ሲገባ ፊታችን ይጠቁራል፤ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ላይ ሆነው ይስቃሉ። ባለቤቴ በጾም ወራት ማሰሮዋን ይዛ አጥር ትሻገራለች፤ ከዚያኛው ቤት ደግሞ የብረት ዕቃ በምስር ተሞልቶ ይመጣል፤ ባዶውን ዕቃ መመለስ በሁለቱም ቤት ነውር ስለሆነ ነገሩ መጨረሻ የለውም።

በዚያ የብረት ዕቃ ላይ በነጥብ በነጥብ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። የወንድሟ ስም ነው። በእነሱ ዘንድ ለእህት የሚሰጥ ዕቃ ላይ የሰጪው ስም ይቀረጻል፣ እህት የትም ብትሄድ ወንድም እንዳላት እንዲታወቅ። ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነው፣ ሕንድ አገር አስተማሪ። እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይደውላል፤ እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ስልኩ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ከእሱ ጋር የምንግባባው ሁለታችንም በምንሰባብረው እንግሊዝኛ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር።

ልጃቸው አድጋ ነርስ ሆና፣ እዚሁ አጠገባችን ባለችው ደብሊን ያደገ የአገሯን ልጅ መርጣ፣ ሰርግ ተቆረጠ። ቤቱ በሐርና በጣፋጭ ካርቶን ሞላ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እህቴ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሳቅ አልነበራትም። ወንድሟ ቪዛ ተከልክሏል።

«አንድ ጥያቄ ጠየቁትና ፓስፖርቱን መለሱለት» አለች።

ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኔም የእህቴን ልጅ ሰርግ ያየሁት በስልክ ነው፤ ኔትዎርኩ ሙሽራዋን ከነቬሏ፣ ከነተከፈተ አፏ ደጋግሞ እያደረቃት።

ከዚያ ልማዳቸውን ነገረችኝ። ሙሽሮች የአበባ ጉንጉን አንዱ በአንዱ አንገት ላይ ሲያጠልቁ፣ የየእናቶቻቸው ወንድሞች ትከሻቸው ላይ ያነሷቸዋል። የሙሽራው ወገን ከፍ ሲያደርግ የሙሽራዋ ወገን ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጋል፤ አበባው እንዳይደርስ መሸሽ፣ እንዲደርስ ማሳደድ ነው ጨዋታው። «የእናቷ ወንድም የሌላት ልጅ መሬት ላይ ትቆማለች» አለችኝ። «መሬት ላይ ከቆመች ሰው የላትም ማለት ነው። አና፣ የኔ ልጅ ሰው የላትም እንዲባል አልፈልግም።» ዓይኗ ሞላ። ያቺ ሐረጓን ብፍቅባት የሳቀች ሴት ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም።

«እኔ አነሳታለሁ!» አልኩ፣ ገና ሳትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ነበር። ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን ሳነሳ ወገቤ ቀጭ ካለች ወዲህ ላይት ዱቲ በሚሉት ቀላል ሥራ ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ ከአንድ ጋሎን ወተት የከበደ ነገር እንዳላነሳ ነግሮኛል። ይህን ለእህቴ እንዴት ልንገራት? ይሉኝታ ያዘኝ። ለሚስቴ የሆነውን ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጠይቀሃታል?»

«ምን ብዬ?»

«ልጅቷ ስንት ፓውንድ እንደሆነች!»

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ «አንክል» ነበር የምትለኝ። እናቷ «ከዛሬ ጀምሮ ማማ በዪው» አለቻት፤ በቋንቋቸው የእናት ወንድም ማለት ነው። ባለቤቴ «ማማ? ወፍ ልትጠብቅበት ነው?» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅብኝ ከረመች። እኔ ግን መዐረግ እንደተሰጠው ሰው ደረቴ ተነፋ፤ ጠዋት ስነሳ «ማማ» ስባል ወገቤ እንኳ የተሻላት ይመስለኝ ነበር።

ልምምድ ጀመርኩ። ትልቅ የሩዝ ጆንያ ገዝቼ ቤዝመንት ደበቅሁ፤ መጀመሪያ አቀፍኩት፣ ከዚያ ከጉልበቴ በላይ አወጣሁት፣ በስተመጨረሻ ትከሻዬ ላይ ወጣ። ሙሽራ እንዲመስለኝ የባለቤቴን ነጠላ አለበስኩት። አንድ ቅዳሜ ቤዝመንቱ ጠበበኝና ጓሮ ይዤው ወጣሁ። ሙሽራዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ «ከፍ! ከፍ!» እያልኩ ስሽከረከር፣ ከአጥሩ ማዶ የእህቴ ባል ቆሞ ያየኛል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ኢንጂነር፣ የእሁድ ሥራው የሳምንቱን ሸሚዞች መተኮስ የሆነ። ምንም ሳይል ወደ ቤቱ ገባ። አለቀልኝ አልኩ፤ አበደ ብሎ ለሚስቱ ሊነግራት ነው። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ የሩዝ ጆንያ ተሸክሟል። በአጥሩ ላይ አቀበለኝና «ልጄ ከዚያ ትከብዳለች» አለኝ። ከዚያ ወደ ካውያው ተመለሰ።

የሰርጉ ዕለት ደብሊን ወዳለው አዳራሽ ሄድን። እህቴ ያመጣችልኝን ነጭ ሽርጥ ወርቃማ ጥለቱ እየታየ አገለደምኩ፤ ሊወልቅብኝ ነው እያልኩ በየደቂቃው አፈፍ አደርገዋለሁ። ወንድሟ በቪዲዮ ተደውሎለት፣ ስልኩ ካሜራው ወደ ውጭ ሆኖ በሸሚዜ የደረት ኪስ ተቀመጠ። ሐሳቡ የራሱ የወንድሟ ነበር፤ «ከማማው ቦታ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ። ከማስቀመጤ በፊት አየሁት። አገሩ ላይ፣ ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን፣ እንደኔው ነጭ ሽርጥ በመተኮሻ ጠርዝ አውጥቶለት አገልድሞ፣ ግንባሩን ተቀብቶ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

የሙሽራው አጎት መጣና ጨበጠኝ። ትከሻው የጋራዥ በር ያክላል። ከላይ እስከ ታች ለካኝና «አንተ ነህ የኛ ተፎካካሪ?» አለኝ። «የኔን ልጅ ዛሬ ጣሪያ ነው የማስነካው።» እጄን ሲለቀኝ ጣቶቼ መኖራቸውን አረጋገጥኩ።

ይሄኔ ነው ሙሽራው አዲስ ጫማ ተጫምቶ፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በትር ይዞ፣ ስንቅ በጨርቅ ቋጥሮ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ብብቱ ሥር መጽሐፍ ወሽቆ በዋናው በር የወጣው። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተከተለው። አጠገቤ የቆሙትን አንዲት ትልቅ ሴት የት እንደሚሄድ ጠየቅኋቸው። ባለቤቴ ትመስክር፣ ጠይቄያለሁ።

«ትዳር ይቅርብኝ ብሏል» አሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። «ዓለም በቃኝ ብሎ ወደ ቅዱሱ ከተማችን ሊመንን ነው።» ይህን ብለው ስልካቸውን አወጡና ፊልም ማንሳት ጀመሩ።

እኔ፣ በሰርጋቸው ዕለት ሙሽሪትን ጥለው በረሃ የገቡ ጻድቃንን ገድል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ምነና በኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ አንዴ ቆርጦ የወጣን ሰው የሚመልሰው የለም። ያቺ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ከነአበባዋ ቆማ ትጠብቃለች! የሽርጤን ጫፍ ሰብስቤ ሮጥኩ። የሙሽራዋ አባት ከፊቴ ነው፤ እጁን አጣምሮ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይከተላል። ሰው ልጁ ተጥላበት ቀስ ይላል? አልፌው ሄድኩ። ሙሽራው የመኪና ማቆሚያውን አጋምሷል፤ ጃንጥላው ከመኪኖቹ በላይ ሲሄድ ይታየኛል።

በአገራችን የተቆጣን ሰው የሚመልሰው ምን እንደሆነ ይታወቃል። ከመኪና ማቆሚያው ዳር ካለው የአበባ መደብ አንድ ደህና ድንጋይ መዝዤ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና ሙሽራው ፊት አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ። ከድንጋጤ የተነሣ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶብኝ በአማርኛ ነው የለመንኩት። «ልጄ፣ ስለ ወለደችህ እናት ብለህ! አጥፍተን እንደሆነ ጥፋቱ የኔ ነው! ይቅር በለንና ተመለስ!» ከደረት ኪሴ ውስጥ ወንድምየው «አና! አና! ድራማ! ድራማ!» እያለ ይጮሃል። ምን ዓይነት ጉድ ሠሩብን ማለቱ መስሎኝ እውነቱን ለመናገር ስለ እሱ እንባ መጣብኝ።

ሙሽራው ጃንጥላውን ወደኔ አዘንብሎ ጥላ ሠራልኝ። «አንክል፣ አር ዩ ኦኬይ?»

የሙሽራዋ አባት በዚያው አረማመዱ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ሸሚዝ እንደሚተኩስ ሰው በእርጋታ ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። «ይሄ ወጋችን ነው። በየሰርጉ ሙሽራው ይመንናል። እኔ አሁን ልጄን እሰጥሃለሁ ተመለስ እለዋለሁ፣ እሱም ይመለሳል። እኔም በሰርጌ ዕለት መንኜ ነበር።»

«ከዚያስ?» አልኩት፣ ድንጋዩ ማጅራቴ ላይ እንዳለ።

«ተመለስኩ።»

መኪና ማቆሚያው በሳቅ ፈነዳ። ያ ጋራዥ የሚያክል አጎት አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ ጭኑን ይመታል። ድንጋዩን ያነሣልኝ ሙሽራው ራሱ ነው። ከደረጃው ላይ የባለቤቴ ድምፅ መጣ። «ሰውዬ፣ ጠይቀሃል?» ጠይቄያለሁ ልላት ቀና ስል ወገቤ ቀጭ አለች። ያቺው የማውቃት ቀጭታ ነበረች። ሁሉም እየሳቀ ወደ አዳራሹ ሲመለስ እኔ በመሃላቸው እንደ ተጣመመ ሚስማር ሆኜ ተከተልኳቸው፤ ከዚህ በኋላ ነው ልጅቷን የማነሣት።

ሙሽራዋ አበባዋን ይዛ ጠጋ አለችኝና ጆሮዬ ላይ «ማማ፣ አር ዩ ሹር? ዳዲ ስለ ሩዙ ነግሮኛል» አለች።

«ሹር» አልኳት።

ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ እህቴ አየችኝ። አቋቋሜን አየች፣ እጄን ወገቤ ላይ አየች፣ ገባት። እጇን እያወዛወዘች፣ «ተው! ተው!» እያለች በሰው መሃል ልትመጣ ተነሳች። ከደረሰችብኝ ልጅቷ መሬት ላይ ልትቀር ነው። ሳትደርስብኝ ልጅቷን ጭኖቿ ላይ አቅፌ ብድግ አደረግኋት። ትከሻዬ ላይ አላወጣኋትም፤ አልዋሽም። እስከ ወገቤ ነው፣ ምናልባት ትንሽ አልፎ። ግን እግሯ መሬት ለቋል።

ወዲያ ማዶ ሙሽራው አምፖሎቹ ጋ ደርሷል። ሰው ይጮሃል፣ ከበሮው ይመታል፣ ልጅቷ አበባዋን ዘርግታ ትንጠራራለች፤ የሙሽራው ጫማ ድረስ እንኳ አይደርስም። አጎትየው ድል እንደነሣ ሰው ዞር ብሎ ወደኔ አየ። እዚያ ላይ ነው የተሳሳተው። ማጅራቴ ላይ የቀረውን አፈር አየ። ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙሽራው ሶምሶማ በሚረግጥ በቅሎ ላይ እንዳለ ሰው ይዘል ጀመር። «ድንጋዩ!» አለ አጎትየው፤ «ድንጋዩ!» ጉልበቱ ታጠፈ፤ ሙሽራው ከነክብሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ፊታችን ድረስ ወረደ። ልጅቷ አበባዋን አንገቱ ላይ ዱብ አደረገች። ልማዱ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቴም እየተነሣ ሊያነሣው ሞከረ፣ ሦስቴም እኔን አየ። እኔማ በደስታ ልቤ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ ሕመሙም ሳቁም አንድ ላይ ጎኔን ይወጋኛል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ልጅቷን ሳወርድ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ቀና ማለት እምቢ አለኝና፣ ስጦታ የተከመረበት የጎን ክፍል ወስደው ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝ። ባለቤቴ በሰርጉ መጥሪያ ታራግብልኛለች። እህቴ ከነሐሯ ከነወርቋ ገብታ አጠገቤ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

«ወገብህን እንደሚያምህ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ባለቤቴ መጥሪያውን ጣለችና ፊቷን ሸፍና መሳቅ ጀመረች። እህቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች። እጄን ይዛ «ሰው አላት» አለችኝ፤ «ልጄ ሰው አላት።»

ያኔ ደረቴ ተናገረ። ስልኩን ረስተነው ነበር። ከኪሴ አውጥቼ ከፊቴ በላይ ያዝኩት። ወንድምየው እንደተቀመጠ ነው፤ ሽርጡ አሁን ጭኑ ላይ ተጨማዷል፣ ሲያሸው ቆይቶ።

«አና፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለኝ።

«ጠይቅ።»

«ትከብዳለች?»

ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፋት ኤርፖርት ሲሸኛቸው ነው፤ ያኔ ገና ጥርስ አላበቀለችም። ጨዋነቱ እንደ ላባ ቀላል ናት ማለት ነበር። ግን የራሴ እህት ልጅ ሰርግ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት ሁሉም በስልኩ ብቅ እያለ «በጣም ቆንጆ ሰርግ ነው» ሲለኝ ዋለ፤ ቆንጆነቱንማ አያለሁ፤ ያላየሁትን የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

«በጣም ትከብዳለች» አልኩት። «ከሁለት ጆንያ ሩዝ ትበልጣለች። ክንዴ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።»

«ማማ!» አለች ሙሽራዋ ከበሩ ላይ።

እሱ ሳቀ። ብዙ ሳቀ፤ በተጨማደደው ሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «እህቴ በደንብ አብልታታለች ማለት ነው» አለ። ከዚያ ሁለት እጆቹን አንሥቶ፣ የሆነ ነገር እንደያዘ ሰው ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ አደረጋቸው።